ጊንጡ የሚያውቀው በር

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«እማዬ 54 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ሆናለች። አሁን ሐረር እየተመላለሰች ኬሞ ትወስዳለች። ቀዩን መድኃኒት 3 ጊዜ ወስዳ አንድ ቀርቷታል። ከዚያ ሌላ ዓይነት 4 ዙር አለ ብለዋታል። በጣም ደክሟታል። ታናሽ ወንድሜ ከጅቡቲ ሰው አስልኮ የጊንጥ መርዝ የሚባል ጠብታ አምጥቷል፤ ምላስ ሥር ነው የሚደረገው። አጎቴ ደግሞ የንብ መርዝ የጡት ካንሰርን በ60 ደቂቃ ይገድላል የሚል አንብቦ፣ ከቀፎ ንብ አምጥተን እናስነድፋት ይላል። 'ኬሞውም መርዝ፣ ይሄም መርዝ፤ እሾህን በእሾህ ነው፤ የተፈጥሮው ይሻላል' ባይ ነው። እውነት አለው? ኬሞውን ብታቆምስ? ወንድሜ ደግሞ ውጭ በውድ ይሸጣል ብለውት ጊንጥ እየሰበሰበ በጠርሙስ ይዟል።»

እኔም የድሬ ልጅ ነኝ። ከዚራ ነው ያደግኩት። ድሬ ደግሞ አንቱታ ብዙም አናውቅበትም፤ ስለዚህ አንቺ እልሻለሁ። እናትሽን ግን እሳቸው ልበላቸው። አሁን የምኖረው ሐረር ነው፤ ፋርማኮሎጂ፣ የመድኃኒት አሠራር ትምህርት ማለት ነው፣ አስተምራለሁ። የዶክትሬት ሥራዬ ከጊንጥ መርዝ በሚገኙ ፔፕታይዶች ላይ ስለነበር ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያንኳኳሽ ነው የመሰለኝ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ። ኬሞውን አያቁሙ። በንብ አይነደፉ። ጠብታውን አይውሰዱት፤ ከነጠርሙሱ ይዘሽ ለሚያክማቸው ሐኪም አሳዪው። ከመርዝ የካንሰር መድኃኒት ለመሥራት ይሞከራል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይሞከራል። ውሸት አይደለም። እንዲያውም ደስ የሚል ሳይንስ ነው። ችግሩ አጎትሽ የገባቸው ነገርና የተጠናው ነገር መንገድ ላይ ተለያይተዋል።

8 ዓመቴ እያለ ጊንጥ ነድፎኛል። ጫማዬን ሳላራግፍ አጠለቅኩ፤ አለቀ። እግሬ በእሳት የተያዘ መሰለኝ። አያቴ እግሬን አስራ ስትነፋ፣ ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ይዞ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ሁለቱም ምንም አልረዱኝም። (ማሰሩ እንዲያውም ጎጂ ነው፤ አታድርጉት።) ሌሊቱን ሙሉ አልቅሼ በነጋታው ኳስ ስጫወት ዋልኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያን ሌሊት ሰውነቴ ውስጥ ምን ሲሠራ እንደነበር የገባኝ።

የጊንጥ መርዝ አንድ ነገር አይደለም፤ ቅልቅል ነው። በውስጡ በርካታ ዓይነት ፔፕታይዶች አሉ። ፔፕታይድ ማለት አጭር ፕሮቲን በይው። ፕሮቲንን ረጅም መቁጠሪያ ብናደርገው ፔፕታይድ ጥቂት ዶቃ ብቻ ያለው ነው። እያንዳንዱ ዶቃ አሚኖ አሲድ ይባላል። ዶቃው በምን ተራ እንደተሰካና ክሩ እንዴት እንደተጣጠፈ ነው ሥራውን የሚወስነው።

የሰውነታችን ሴሎች ደግሞ ሽፋናቸው ላይ በሮች አሏቸው። ሶዲየም የሚገባበት አለ፣ ፖታሲየም የሚወጣበት አለ፣ ክሎራይድ የሚያልፍበት አለ። አንዳንዱ የጊንጥ ፔፕታይድ የነርቭን የሶዲየም በር ይዞ አላስዘጋ ይላል። በሩ ካልተዘጋ ነርቩ ዝም አይልም። የእኔ ለቅሶ እሱ ነበር። ሌላው ፔፕታይድ የሚገጥመው ለነፍሳት በር ብቻ ነው፤ ፌንጣን ሽባ ያደርጋል፣ ሰው ላይ ግን ሥራ የለውም። ጊንጥ ፌንጣም ይበላል፣ ከእንስሳም ራሱን ይከላከላል፤ ለሁሉም የየራሱን ቁልፍ ይዞ ነው የሚዞረው።

መርዝ የሚያጠና ሰው የሚደነቀው በዚህ ነው። መግደልማ በረኪናም ይገድላል። የካንሰር ሴል ሳህን ላይ አስቀምጪና በረኪና አፍስሺበት፤ አንድም አይተርፍም። ጨውም በብዛት ይበቃዋል። ከሚሊዮን በሮች መካከል አንዷን ለይቶ መያዝ ግን ሌላ ችሎታ ነው። ከጊንጥ ልንማር የምንፈልገው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ በረሃ የሚኖር ቢጫ ጊንጥ አለ፤ ሌዩረስ ይባላል። ከአደገኞቹ አንዱ ነው። በ1993 ከመርዙ ውስጥ 36 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ተለይቶ ወጣ። የክሎራይድ በር ስለሚዘጋ ክሎሮቶክሲን ተባለ። በዚያው ጊዜ አሜሪካ አላባማ ውስጥ ሃራልድ ሶንትሃይመር የሚባል ሳይንቲስት ግሊዮማ የሚባለውን የአንጎል ካንሰር ያጠና ነበር። የግሊዮማ ሴል አስቸጋሪነቱ መሹለክለኩ ነው። ጤነኛው የአንጎል ሥጋ መሃል እየገባ ይሰወራል። ለመሹለክ ደግሞ መኮማተር አለበት፤ ሲኮማተር ክሎራይድና ውሃ ያስወጣል። እንግዲህ የክሎራይዱን በር የሚዘጋ ነገር ብናገኝስ? ብለው ክሎሮቶክሲንን ሞከሩት።

ያገኙት ከጠበቁት በላይ ነበር። ፔፕታይዱ የግሊዮማ ሴሎች ላይ ይጣበቃል፣ ጤነኛው የአንጎል ሴል ላይ ግን እምብዛም። በኋላ ሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ላይም እንደሚጣበቅ ታየ። በትክክል የቱን ነገር ነው የሚይዘው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ኤምኤምፒ 2 የሚባለው ኢንዛይም ነው ይላል፤ ሴሉ አካባቢውን እየቆረሰ መንገድ የሚከፍትበት መሣሪያ ነው። ሌላው አኔክሲን ኤ2 የሚባለው ፕሮቲን ነው ይላል። እኔ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ፤ የሚዋጋ ሰው ነው የሚመስሉት።

አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ክሎሮቶክሲን ካንሰሩን በደንብ አይገድለውም። ያገኘዋል እንጂ። እዚህ ጋ ነው የአጎትሽ ሐሳብ ከሳይንሱ የሚለየው። ሳይንቲስቶቹ «መርዝ ስለሆነ ካንሰሩን ይግደልልን» አላሉም። «አድራሻውን ስለሚያውቅ ዕቃ ይዞልን ይሂድ» ነው ያሉት። እንደ ባጃጅ ሹፌር በይው። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የትኛው ቤት እንደሆነ ያውቃል፤ የሚጫነው ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ምን ጫኑበት? መጀመሪያ ጨረር። በላቦራቶሪ የተሠራ ክሎሮቶክሲን ላይ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን 131 አሰሩበት። የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤት በ2006 ወጣ። 18 ሰዎች ነበሩ፤ ግሊዮማቸው ታክሞ ተመልሶ የመጣባቸው። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ መድኃኒቱ በቀረው ክፍተት ውስጥ በቀጥታ ተጨመረ። በደም ሥር አይደለም፣ በአፍም አይደለም፤ ዕጢው በነበረበት ቦታ ነው። ጨረሩ እዚያው አካባቢ ቆየ፤ ከባድ ጉዳትም አላደረሰም። የዚያ ሙከራ ዓላማ ደህንነቱን ማየት ስለነበር በዚህ ረገድ ተሳክቷል። ግን ስንት ዓመት አለፈው፤ እስከ ዛሬ ፋርማሲ አልደረሰም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ እኔ በጣም የምወደው። ሲያትል ውስጥ ጂም ኦልሰን የሚባል የሕፃናት የአንጎል ካንሰር ሐኪም አለ። ቀዶ ሐኪሞች ትልቁ ራስ ምታታቸው የቱ ዕጢ የቱ ጤነኛ ሥጋ እንደሆነ መለየት ነው። አንጎል ላይ ትርፍ ከቆረጥሽ ልጁ መናገር ወይም መራመድ ያቅተዋል፤ ካነስሽ ካንሰሩ ይመለሳል። የኦልሰን ቡድን ክሎሮቶክሲን ላይ የሚያበራ ቀለም አሰረበት። በ2007 አይጦች ላይ ሲያሳዩት ዕጢው ከጤነኛው ሥጋ ተለይቶ በካሜራ ያበራ ነበር። «የዕጢ ቀለም» አሉት። በኋላ ቀለሙ ተሻሽሎ በሰው ላይም፣ በሕፃናትም ጭምር ተሞክሯል። ልብ በይ፤ እዚህ ላይ የሚገድል ነገር ጭራሽ የለም። የሚቆርጠው ሐኪሙ ነው፤ ጊንጡ ጣቱን ይቀስርለታል።

ሦስተኛው የራሳችን ወታደር ነው። ቲ ሴል የሚባሉ የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ከታማሚው ይወሰዱና እንደ አንቴና ክሎሮቶክሲን እንዲያበቅሉ ተደርገው ይመለሳሉ። ካሊፎርኒያ ሲቲ ኦፍ ሆፕ የሚባለው ማዕከል ነው የሠራው። ሥራው በ2020 ታተመ፤ የሰው ሙከራም ተጀመረ። ገና የመጀመሪያው ደረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ቀስ አለ ትይኝ ይሆናል። የራሴን ልንገርሽ። ክሎሮቶክሲን ውስጥ ሲስቴይን የሚባሉ 8 ዶቃዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በሰልፈር ይያያዛሉ። 4 ጥንድ ማለት ነው። 8 ዶቃ በስንት ዓይነት መንገድ ጥንድ ጥንድ ሊሆን ይችላል? ወረቀት ላይ ቁጠሪው፤ 105 ነው። የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው። እኔ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፔፕታይድ ሠርቼ ለ7 ወር ውጤት አጣሁ። ሴሉ ላይ አይጣበቅም። መጀመሪያ ሴሉን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ማይክሮስኮፑን፣ ቀጥሎ አማካሪዬን። ለካ የሠራሁት በተሳሳተ ጥንድ የተጣጠፈውን ነው። ዶቃው ትክክል፣ ተራው ትክክል፣ ቅርጹ ስህተት። ቁልፉ የተጣመመ ቁልፍ ነበር። ያን ቀን ማታ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም።

ፔፕታይድ ትንሽ መሆኑም ሁለት መልክ አለው። ክሎሮቶክሲን ክብደቱ 4,000 ዳልተን (የጥቃቅን ቅንጣት ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚባሉት ትልልቅ ፕሮቲኖች 150,000 አካባቢ ናቸው። ትንሽ ስለሆነ ዕጢ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ኩላሊት ቶሎ አጣርቶ ይጥለዋል። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል።

ወደ ንቧ እንሂድ። አጎትሽ ያነበቡት ነገር መነሻ አለው። በ2020 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ሲያራ ደፊ የምትባል ተመራማሪ ከፐርዝ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ከ300 በላይ ንቦች መርዝ ወስዳ በጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ሞከረች። ሜሊቲን የሚባለው የንብ መርዝ ዋና ክፍል፣ 26 አሚኖ አሲድ ያለው ነው፣ በአንድ መጠን የካንሰሩን ሴል ሽፋን በ60 ደቂቃ ውስጥ አወደመው። አስቸጋሪ በሆኑት የጡት ካንሰር ዓይነቶች ላይ ጭምር። ደስ የሚል ጥናት ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ አሳየዋለሁ።

ግን ሳህን ላይ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እዚያ ጥናት ላይ ግማሹን የካንሰር ሴል የገደለው የንብ መርዝ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው። እናትሽ 5 ሊትር ያህል ደም አላቸው እንበል። ደማቸው ውስጥ ብቻ ያን መጠን ለመሙላት 25 ሚሊ ግራም መርዝ ያስፈልጋል (1,000 ማይክሮ ግራም 1 ሚሊ ግራም ነው)። አንዲት ንብ ስትነድፍ የምትሰጠው ከሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። 250 ንብ! ያውም መርዙ ሥጋ ውስጥ ሳይበተን፣ ሳይፈርስ፣ ሁሉም ደም ውስጥ ከቀረ። በመቶ የሚቆጠሩ ንቦች የነደፉት ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ምክንያቱም ሜሊቲን በር አይመርጥም። የሴልን ሽፋን ይበሳል፤ ቀይ የደም ሴልንም ያፈነዳል። ክሎሮቶክሲን ቁልፍ ከሆነ ሜሊቲን መዶሻ ነው።

ይህን ደግሞ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። እዚያው ጥናት ላይ ሜሊቲኑ ላይ አድራሻ የሚሰጥ ትንሽ ጫፍ ቀጥለውበታል። ከዚያ በፊትም በ2009 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሜሊቲንን በጥቃቅን የዘይት እንክብሎች ላይ ጭነው አይጦች ላይ ሞክረውታል፤ በየመንገዱ ሴል እንዳይበሳ። እና አየሽ፣ መዶሻውም አድራሻ ፍለጋ ላይ ነው።

ለእናትሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኬሞ ላይ ናቸው፤ ነጭ የደም ሴላቸው ይወርዳል። ከኬሞው በኋላ ከ7 እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። የተነደፈ ቆዳ ለጀርም በር ነው። ብብታቸው ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች በኦፕራሲዮን ወጥተው ከሆነ ደግሞ በዚያ ወገን ያለው ክንድ ላይ ነፍሳት እንዳይነድፋቸው እንጠነቀቃለን፤ ክንዱ አብጦ ላይመለስ ይችላል። አለርጂ ካለባቸው ደግሞ አንዷ ንብ ትበቃለች። አጎትሽ ማሩን ያምጡ። ንቦቹ እዚያው ይቆዩ።

ስለ ጠብታው። ጠርሙሱን አላየሁትም፤ አንቺ እይው። በኩባ ሰማያዊ ጊንጥ ስም የሚሸጥ የሆሚዮፓቲ (እጅግ አቅጥኖ የሚሰጥ አማራጭ ሕክምና) ጠብታ በየአገሩ ይዞራል። ጽሑፉ ላይ 30 የሚል ቁጥር ቀጥሎም ሁለት የላቲን ፊደል ካለ ትርጉሙ ይህ ነው፦ አንድ ጠብታ መርዝ ከ99 ጠብታ ውሃ ወይም አልኮል ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና ከ99 ጋር። እንዲህ 30 ጊዜ። ከ12ኛው ዙር በኋላ የመጀመሪያው መርዝ አንዲት ቅንጣት እንኳ መገኘቷ ያጠራጥራል። 30ኛው ላይ ሲደርስ የቀጠነው ከ1 ቀጥሎ 60 ዜሮ በተደረደረበት ቁጥር ነው። በምድር ላይ ያለ ውቅያኖስ ሁሉ በጠብታ ቢቆጠር ወደዚያ አይጠጋም። እንዲያ ከሆነ ወንድምሽ የገዛው ጊንጥ የሌለበት የጊንጥ ጠብታ ነው። ብሩ ግን የሄደው እውነተኛ ብር ነው፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

ቁጥሩ ከሌለበትስ? ያኔ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ያ ደግሞ ከባዶው ይብሳል።

እውነተኛ ፔፕታይድ ቢኖርበትም እንኳ በአፍ አይሆንም። ድሬ ውስጥ ስንት የስኳር ሕመምተኛ እንዳለ ታውቂያለሽ። ኢንሱሊን በድምሩ 51 አሚኖ አሲድ ያላቸው ሁለት የተያያዙ ሰንሰለቶች ነው። በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ፤ ከ100 ዓመት በኋላም በአብዛኛው በመርፌ ነው። ሰው መርፌ ወድዶ መሰለሽ? ጨጓራ እንደ ሥጋ ፈጭቶ ስለሚበላው ነው። ምላስ ሥርም ቢሆን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በቀላሉ አያሳልፍም። ኢንሱሊንን ማሳለፍ ያቃተው ምላስ ለጊንጥ መርዝ በሩን አይከፍትም።

አሁን «ኬሞውም መርዝ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ይህን ክርክር በንቀት አላልፈውም፤ ግማሹ እውነት ነው። እናትሽ የሚወስዱት ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ጣልያን አገር አፈር ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ነው። (ከወሰዱ በኋላ ሽንታቸው ቀይ ቢሆን አትደንግጪ፤ ቀለሙ ነው።) ቀጥሎ ያለው 4 ዙር ፓክሊታክሰል ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው የተገኘው ከአንድ መርዛማ ዛፍ ቅርፊት ነው። ስለዚህ «የተፈጥሮው ይሻላል» ከተባለ፣ ኬሞውም ከተፈጥሮ ነው የመጣው። በዚህ በኩል ክርክሩ ውሃ አያነሳም።

ልዩነቱ ልኩ መታወቁ ነው። ዶክሶሩቢሲን ልብ ይጎዳል። ይህ ስለሚታወቅ ሰው በዕድሜው የሚወስደው ድምር ጣሪያ አለው። ልኩን ለመጠበቅ ነው ቁመትና ክብደታቸው የሚለካው፣ ለዚያ ነው በየዙሩ ለምርመራ ደም የሚሰጡት፣ ለዚያ ነው የዙሩ ቁጥር አስቀድሞ የሚወሰነው። ይህ ልክ የተገኘው በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተቆጥሮ ነው። የአጎትሽ ቀፎ ላይ ማን ቆጠረ?

4 ዙር ተብሎ 3 ላይ ማቆምም ግማሽ ጥቅም አይደለም። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጥ ኬሞ ዓይን የማያያቸውን፣ ወደ ሌላ አካል ሊሄዱ የሚችሉትን ሴሎች ለመጥረግ ነው። መሃል ላይ ሲቋረጥ የተረፉት ጊዜ ያገኛሉ። ድካማቸውን ግን ለሐኪሙ ንገሪ፤ ማስመለሱ ነው? እንቅልፍ ነው? ምግብ ነው? ለብዙው መፍትሔ አለው። ሰው በድሬና በሐረር መሃል ያለውን የደንገጎን ዳገት በዚያ ሆድ ሲወጣ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ቀላል አይደለም። ዙሩን በጥቂት ቀናት ማዘግየት ካስፈለገ ሐኪሙ ይወስን። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን አታሳድሪያቸው፤ ሆስፒታል ነው።

ይልቅ አነጣጥሮ የሚመታ መድኃኒት ከፈለግሽ የምትጠይቂው ሌላ ነው። የዕጢው ምርመራ ወረቀት ላይ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ኸር 2 የሚሉ ሦስት ውጤቶች አሉ? ከሌሉ ሐኪሙን ጠይቂ። እነዚህ በሮች ናቸው። ኢስትሮጅኑ ካለ ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን አለ፤ ከኬሞ በኋላ ለዓመታት የሚወሰድ፣ ዋጋው የሚቻል። ኸር 2 ካለ ትራስቱዙማብ አለ፤ ከ1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ውድ ነው፣ ቢሆንም ጠይቂ። ጊንጡ የሚያውቀውን የበር መለየት ጥበብ እነዚህ መድኃኒቶች ዛሬ ይሠሩበታል፤ ያውም ተፈትነው።

መርዝ እስከ ዛሬ ያተረፈልን የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጃራራካ የምትባል የብራዚል እፉኝት የነደፈችው ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊዘረር ይችላል። ከመርዟ ፔፕታይድ ተነስተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 ጸደቀ። ኢናላፕሪል የምትውጥ ጎረቤት ካለችሽ የእሱ ወገን ነው። መርዙን አልጠጣችውም፤ የቁልፉን ጥርስ ብቻ ገልብጠው በኪኒን ሰጧት። ለካንሰር ሕመምተኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ ዚኮኖታይድ ነው፤ በ2004 የጸደቀ፣ 25 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተገለበጠ። ካንሰሩን አይነካም። ሌላ ነገር እምቢ ያለውን ሕመም ነው የሚያስታግሰው፤ በፓምፕ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ይገባል። ጠብታ እንዳልሆነ ልብ በይ።

የቀረን የወንድምሽ ጠርሙስ ነው። የጊንጥ መርዝ በሊትር ሚሊዮን ዶላር ነው የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ፤ እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ሁለቴ «ዶክተር፣ ገዢ ፈልግልን» ተብያለሁ። አንድ ጊንጥ ታልቦ የሚሰጠው ደረቅ መርዝ ሚሊ ግራም ቢሞላ ነው፤ ሊትር ለመሙላት ስንት ጊንጥ እንደሚያስፈልግ እሱ ይቁጠር። ደግሞም ያ የ2006ቱ ሙከራ የተሠራው ከጊንጥ በታለበ አልነበረም። ብሩስ ሜሪፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1963 ዶቃን በዶቃ ላይ እየሰካ ፔፕታይድ የሚሠራ ዘዴ አሳተመ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ ማሽን ነው የሚሰካው። የጊንጡን ቁልፍ ቅርጽ ካወቁት በኋላ ጊንጡን የሚፈልገው የለም። አቦ፣ ይልቀቃቸው በይው! በእጁ ሳይሆን በረጅም መቆንጠጫ፣ ከቤት ራቅ አድርጎ፣ ጫማ አድርጎ።

ሲለቃቸው ግን አንድ ሥራ ስጪው። ጊንጥ በአልትራቫዮሌት መብራት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ቅርፊቱ ነው፣ ከመርዙ ጋር አይገናኝም። ባለሱቆች የሐሰት ብር የሚለዩባት ሐምራዊ መብራት አለች አይደል? አንዷን ይዋስና ጨረቃ በሌለበት ማታ ግቢውን፣ የድንጋይ ክምሩን፣ የመጸዳጃውን መንገድ ይዙርበት። እናትሽ ሌሊት ለማስመለስ ሲነሱ ጫማ ፍለጋ አይቆሙም፤ በባዶ እግራቸው ነው የሚሮጡት።